ደነባን ሳይረግጡ ስለ ደነባ

ሐምሌ ላይ በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ማሳ ውኃ ያቁራል። ደነባ ከተማን ከቦ የተኛው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ይነቅላል። እዚህ የሚያርስ ገበሬ ስንዴም ይዝራ ምስር፣ ባቄላም ይዝራ ጤፍ፣ ከዘሩ እኩል የሚያስጨንቀው የውኃው መውጫ ነው። መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ዝቅ አድርጎ ማሳውን ካላጠነፈፈ ቡቃያው ቢጫ ይሆንበታል። ቦዩን ሲያወጣም ከማሳ አዋሳኙ ጋር መነጋገር አለበት፤ ሳይነጋገር የሰው እርሻ ላይ ከለቀቀው ጠብ ነው። ከገበሬ ጋር ግማሽ ቀን የዋለ እንግዳ ይህን ሳይሰማ አይመለስም።

ስለዚሁ ወረዳ የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በዓይነ ሕሊናችን እንግለጥ። ጥቁር ልባሱ ላይ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ በወርቅማ ቀለም ታትሟል። ርዕሱ ገበሬዎች የተሻሻለ የስንዴ ዘር እንዳይጠቀሙ የሚያደርጓቸውን ምክንያቶች ይመለከታል። ምዕራፍ ሦስት ላይ የወረዳው ከፍታ፣ የዝናቡ መጠንና የሕዝቡ ቁጥር ሰፍሯል፤ ሁሉም ከሌላ ጥናት የተገለበጠ ነው። 150 ገበሬዎች መጠይቅ ሞልተዋል ይላል። ምዕራፍ አራት ከላይ እስከ ታች ሠንጠረዥ ነው፤ በኤስፒኤስኤስ የተሠራው ስሌት እስከ ሦስተኛ ዴሲማል ይዘልቃል። ስለ ውኃው ግን አንድም መስመር የለም። 150 የጥቁር አፈር ገበሬዎች ስለ ስንዴ ተጠይቀው አንዳቸውም ስለሚያቁረው ውኃ አላነሱም ማለት ነው። ይህ የማይሆን ነገር ነው። ወረቀቱን የጻፈው ደነባን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው፤ ስሙ ልባሱ ላይ ያለው ተመራቂ ደግሞ ከፍሎ ተረክቦታል።

ጥራዙ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ገበያው ግን ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው ነው። አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ፣ በመብራት ምሰሶና በአጥር ቆርቆሮ ላይ ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ ዳታ አናሊሲስ የሚሉ ማስታወቂያዎች ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፈው ማየት የተለመደ ነው። ማማከር በሚል ስም ነው የሚቀርቡት። ዛሬ ደግሞ ምሰሶም አላስፈለገ፤ ቴሌግራም ላይ ይኸው ማስታወቂያ ደነባም፣ እነዋሪም፣ ደብረ ብርሃንም እኩል ይደርሳል። አሠራሩ እንደማንኛውም የእጅ ሥራ ነው። ዋጋው በገጽ ወይም በምዕራፍ ይቆረጣል፣ ቀብድ በቴሌብር ይገባል፣ ሶፍት ኮፒው በስልክ ይላካል። አማካሪው ኮሜንት ከሰጠ ጸሐፊው አስተካክሎ ይመልሳል። ለዲፌንስ የሚታየው ስላይድ ጭምር ተዘጋጅቶ፣ ምን ተብሎ ቢጠየቅ ምን እንደሚመለስ ተጽፎ የሚሰጥበት ጊዜም አለ።

ሻጩ ማን እንደሆነ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። ብዙውን ጊዜ ጥሩ ነጥብ ይዞ የተመረቀና ሥራ ያጣ ወጣት ነው። አንዳንዴም ራሱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በ2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። የቤት ኪራይ ያልሸፈነለት ምሁር ማታ ማታ የሰው ቴሲስ ሲጽፍ ቢያድር እንዴት እዚያ እንደደረሰ ይገባኛል። ሥራው ግን የገዛ ሙያውን ከሥር የሚቆፍር ነው፤ ቀን የሚያስተምረውን ማታ ያፈርሰዋል።

ገዢውስ? ስለ ገዢው ሲወራ ሁልጊዜ የሚሳለው የሀብታም ልጅ ነው፤ ትምህርት የጠላ፣ ገንዘብ የማያሳሳው። እንዲህ ያለ ተማሪ የለም አልልም። በሰሜን ሸዋ ገጠር ግን ገዢው ሌላ መልክ አለው። ዲፕሎማዋን ይዛ ከደነባ ራቅ ባለ ቀበሌ የምታስተምር መምህርት ዲግሪዋን የምታገኘው በክረምት መርሐ ግብር ወይም በርቀት ትምህርት ነው። ክረምት ላይ ልጆቿን ለእናቷ ጥላ ዶርም ትገባለች፤ መስከረም ላይ ሞጁልና አሳይመንት ተሸክማ ትመለሳለች። የቀበሌው መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርኩ ኮረብታ ካልተወጣ አይገኝም፣ አሳይመንቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ ተተይቦ፣ ከእነ ዋቢው ነው የሚፈለገው። በሥራዋ ላይ የተቆለለው ኃላፊነት እንዳለ ነው፤ የክፍል ፈተና ታርማለች፣ የወላጅ ስብሰባ ትመራለች፣ ቤቷ ገብታ እንጀራ ትጋግራለች።

ቅዳሜ ወደ ከተማ ወጥታ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ትገባለች። የእነዚህን ቤቶች መልክ የማያውቅ የለም። አንድ የደከመ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የመታወቂያ ፎቶና የላሚኔሽን ዋጋ፣ ጥግ ላይ የጥራዝ ማሽን፣ በር ላይ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር። ባለቤቱ ቲቸር ብሎ ይቀበላታል። በእጅ የጻፈችውን ወረቀት ታወጣለች። እሱ ይተይባል፣ ስፔሊንግ ያስተካክላል፣ ማርጂን ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ የተከበረ ሥራ ነው፤ ለሥራው ክፍያ ይገባዋል። ችግሩ የሚጀምረው በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው፤ ወረቀት ሳትይዝ ጥያቄውን ብቻ ይዛ ትመጣለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያምና ተማሪ ያስተየበው መልስ አለ። ርዕሱ አልተለወጠም፣ ሞጁሉም አልተለወጠም። ስም ቀይሮ ማተም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እሷም ትከፍላለች፤ ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ፍላሿን ይዛ ትወጣለች። በዚያች ቅጽበት ጥፋተኛ የሆነችው እሷ ብቻ አይደለችም። ለዓመታት አንድ ጥያቄ ሳይለውጥ የሚልክ ተቋምና ሰብስቦ ሳያነብ ነጥብ የሚሰጥ ክፍልም አብረው ቆመዋል።

ይህን የምለው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። ለመከላከል ግን ሰው የት ላይ እንደሚወድቅ ማየት ግድ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት 14,086 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠየቀ፤ ወደ 6 በመቶ የሚሆኑት ሥራቸውን ለሌላ ሰው አሳልፈው የመስጠትን ዓይነት ድርጊት መፈጸማቸውን አምነዋል። ጥናቱ ከድርጊቱ ጋር ተያይዘው ያገኛቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ በመማር ማስተማሩ አለመርካት፣ ለማጭበርበር ቀዳዳው ብዙ ነው ብሎ ማመንና በቤት የሚነገረው ቋንቋ ከእንግሊዝኛ የተለየ መሆን። አንብቤ ስጨርስ የታየችኝ የደነባዋ መምህርት ናት። ሦስቱም እሷ ዘንድ አሉ፤ ያውም ከአውስትራሊያው በብዙ እጥፍ።

ነገሩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተወለደም አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት እናስታውስ። ሐሳቡ ጎበዙ ደካማውን እንዲያግዝ ነበር። በብዙ ክፍል ውስጥ የሆነው ግን አንዱ ሠርቶ አምስቱ መፈረም ነው። ያ ልማድ ከልጁ ጋር አድጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ግሩፕ ወርክ ሲሰጥ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ የማሳተሚያ ይከፍላል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ። የማሳተሚያ ከፍሎ ስም ማስገባትን የለመደ ተማሪ አራተኛ ዓመት ላይ ሙሉውን ከፍሎ ቢገዛ አዲስ ድንበር የጣሰ አይመስለውም።

መንግሥት ኩረጃን የተጋፈጠው በፈተናው በኩል ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ መቋረጡና እንደገና መሰጠቱ አይረሳም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ ጥቅምት 2015 ላይ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ስልክ ተከለከለ፣ ፈታኞች ከሌላ አካባቢ መጡ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። አገር ደነገጠ። ቁጥሩ ቀስ ብሎ ቢያድግም በ2017 ዓ.ም. የደረሰው 8.4 በመቶ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ መውጫ ፈተና ተቀመጡ። ከ150,184 ተፈታኞች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ። ለአራት ዓመት በአሳይመንትና በፕሮጀክት ጥሩ ጂፒኤ የሰበሰበ ተማሪ በአንድ ቀን ጥያቄ ግማሹን መመለስ ሲያቅተው፣ አሳይመንቱን ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ሁሉ ግዢ አይደለም፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረትም አለበት። ግዢው ግን ከድምሩ ውስጥ አለ።

መውጫ ፈተናው የሚጠብቀው የአዳራሹን በር ነው። ወራት የሚፈጀው የቤት ሥራና የመመረቂያ ጽሑፍ ከበሩ ውጭ ነው የሚሠራው። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ደግሞ የመግቢያ ፈተና እንጂ የመውጫ ፈተና የለም፤ ተማሪው ሊቅ መሆኑ የሚለካው በቴሲሱ ነው። የእድገትና የሹመት በር የሚከፍተውም ያው ዲግሪ ነው። ገበያው እዚያ መድራቱ የሚያስገርም አይሆንም። የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ መሥራች ዶክተር ወንድወሰን ታምራትን የመሳሰሉ የከፍተኛ ትምህርት ተመራማሪዎች ስለ ዘርፉ የሥነ ምግባር ችግር ለዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል፤ ጆሮ ያገኙትን ያህል እርምጃ አላገኙም።

በሌላው ዓለም ያለውም ተመሳሳይ ነው፤ መጠኑ ይለያል እንጂ። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ያስተምሩ የነበሩት ቶማስ ላንካስተርና ሮበርት ክላርክ ተማሪዎች ሥራቸውን ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ ሲያወጡ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን ለጥናት አቀረቡት። ፊሊፕ ኒውተን የተባለ ተመራማሪ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የተሠሩ 65 ጥናቶችን ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሥራ፣ ከ54,514 ተጠያቂዎች መካከል ገዝተናል ያሉት በአማካይ 3.52 በመቶ ነበሩ፤ ከ2014 ወዲህ የተሠሩትን ብቻ ሲወስድ ግን ቁጥሩ 15.7 በመቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲድኒ ሞርኒንግ ሄራልድ የተባለው የአውስትራሊያ ጋዜጣ ማይማስተር የሚባል ድርጅት ከ16 ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 1,000 ለሚጠጉ ተማሪዎች ድርሰት ሲሸጥ መኖሩን አጋለጠ።

የእነዚህ ድርሰቶች ጸሐፊዎች ብዙዎቹ የሚገኙት ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ናይሮቢ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የተማሩ ወጣቶች ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ተማሪዎች ሌሊቱን ሲጽፉ ያድራሉ። የኦክስፎርዷ ፕሮፌሰር ፓትሪሺያ ኪንጎሪ ይህን ሕይወት ተከታትላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዘ ሻዶው ስኮላርስ የተባለው ዘጋቢ ፊልምም የሚያሳየው እነዚህኑ ጸሐፊዎች ነው። ጭንቅላታቸው ዲግሪ ያስገኛል፤ ዲግሪው ግን የእነሱ አይደለም። በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ሲመጣ ሥራቸው መቀነስ ጀመረ፤ ደንበኛው በነጻ የሚጽፍለት አገኘ። የእኛም ተማሪ ይህን በር አውቆታል። ሰውን ከፍሎ ማጻፍና ማሽንን አዝዞ ማጻፍ ለእኔ አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ተማሪው የሚማርበትን ድካም ለሌላ አሳልፎ ሰጥቷል።

ሕግ ያወጡ አገሮች አሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኒውዚላንድ በ2011፣ አየርላንድ በ2019፣ አውስትራሊያ በ2020፣ እንግሊዝ በ2022 አገልግሎቱን የሚሸጠውን ሰው ወንጀለኛ አድርገዋል። የአውስትራሊያው ሕግ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ያደርሳል። እኛም ጋ ሻጩን የሚመለከት ድንጋጌ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ በዩኒቨርሲቲ አጥር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ አይደፈርም ነበር። ነገር ግን በሕግ ብንጀምር እንስታለን። ቴሌግራም ላይ ስም የለሽ የሆነን ሰው ፖሊስ እስኪያገኘው ስንት ባች ይመረቃል? ኩረጃ የሚፈትሸው ሶፍትዌርም ቢሆን መፍትሔው ግማሽ ነው፤ የተገለበጠን ዓረፍተ ነገር ይይዛል እንጂ አዲስ ተጽፎ የተሸጠን አይለይም። ሥራው እንግዳ እጅ እንዳለበት መለየት የሚችለው አንባቢው መምህር ነው። አውስትራሊያ ዲኪን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊሊፕ ዶሰንና ዌንዲ ሰዘርላንድ ስሚዝ ሰባት ልምድ ያላቸው አራሚዎችን ወስደው፣ ስድስት የተገዙ የተደባለቁበት 20 የተማሪ ሥራ ሰጧቸው። ከመካከሉ የተገዛ ሊኖር እንደሚችል የተነገራቸው አራሚዎች የተገዛውን በ62 በመቶ ያህል ለዩት። ይህ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጥርጣሬና በማንበብ ብቻ የተገኘ ነው። ተማሪውን በአካል የሚያውቅ መምህር ቢሆንማ ከዚህም ይበልጣል።

ለዚህ ግን መምህሩ ተማሪውን ማወቅ አለበት፤ የእኛ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት አገሪቱ ውስጥ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ሐሮማያ። ዛሬ ከ45 በላይ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የዚህ መስፋፋት ልጅ ነው፤ ለሰሜን ሸዋ ልጅ ያመጣው ዕድል በቃላት አይለካም። እኔ መስፋፋቱን ከሚያማርሩት ወገን አይደለሁም። ተማሪው ሲበዛ ግን አማካሪው አልበዛም። አንድ አማካሪ ብዙ ተማሪ ሲሸከም ፕሮፖዛሉን ይፈርማል፣ ከወራት በኋላ የተጠረዘውን ያያል። በመካከል ያሉት ወራት ባዶ ናቸው። ገበያው የገባው በዚያ ባዶ ወር ውስጥ ነው። ተማሪው በየሁለት ሳምንቱ የጻፈውን ሦስት ገጽ ይዞ ቢቀርብ፣ አማካሪውም ይህን ለምን እንዲህ አልከው ብሎ ቢጠይቀው፣ ከውጭ ገዝቶ ማምጣት ራሱን ችሎ ከመጻፍ የበለጠ አድካሚ ይሆንበታል።

እንዲህ ያለውን ጥበቃ የሚያስተምረን ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በሸዋም፣ በጎጃምም፣ በጎንደርም የኖረው የቅኔ ቤት ሥርዓት ተማሪውን ያለ አንድ ወረቀት ይፈትነዋል። ቆሎ ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ ያዘጋጃል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል። መምህሩ ያቆመዋል፣ ያርመዋል፣ ምሥጢሩ ምንድን ነው ይለዋል። ጓደኞቹ ተቀምጠው ይሰማሉ። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይጋለጣል፤ ያልቆጠረውን ሊያብራራ አይችልምና። ነገ ደግሞ አዲስ ቅኔ ይዞ መቅረብ አለበት፤ ያለፈው ዓመት ቅኔ አያወጣውም። ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው ይህ የቃል ጥያቄ በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችን ዲፌንስ በሚባለው የአንዲት ቀን ሥነ ሥርዓት ታጥሮ መቅረቱ ይቆጨኛል። ያውም ዲፌንሱ ላይ ከሥራው ይልቅ ስለ ፎርማትና ስለ ገጽ ቁጥር የሚጠየቅበት ጊዜ ይበዛል።

ለርቀት ተማሪዋ መምህርትም ቢሆን ጥያቄው ቢለወጥላት ይሻላታል። ከሞጁሉ ሦስተኛ ምዕራፍ ተገልብጦ የሚመለስ ጥያቄ ለገበያ የተመቸ ነው። አንቺ በምታስተምሪበት ክፍል ውስጥ በዚህ ሳምንት ማንበብ ያቃተውን ልጅ እንዴት ረዳሽው የሚል ጥያቄ ግን ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ያምና መልስ የለውም። የመስክ ማስታወሻዋን በአማርኛ፣ በእጇ ጽፋ እንድታያይዝ ቢፈቀድላት የእንግሊዝኛ ፍርሃቷ ግማሹ ይወርዳል። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ኮምፒውተር ቤቱ ቢያግዛት፣ ሐሳቡ የእሷ ስለሆነ፣ ማንም አልተጭበረበረም። ሴሚናር ላይ በአካል ስትገኝም መምህሩ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለዚያ ልጅ ቢጠይቃት በቂ ነው።

አስቸጋሪውን ነገር መሸሽ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ተማሪ ቀበሌ ለቀበሌ ተዘዋውሮ መጠይቅ የሚያስሞላበት ሰላም ያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ የመመረቂያው ቀን ደርሶ የተጨነቀ ተማሪ መጠይቁን ራሱ ተቀምጦ በተለያየ እስክሪብቶ ይሞላዋል። የዚህ ተማሪ ጭንቀት እውነተኛ ነው። ክፍሉ ሊያደርግለት የሚገባው ርዕስ መቀየር፣ ጊዜ ማራዘም፣ ወይም አስቀድሞ በተሰበሰበ መረጃ እንዲሠራ መፍቀድ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ግን ተማሪውን አስመርቆ አይቆምም። ጥራዙ ላይብረሪ ይገባል፣ ወደ ኦንላይን ማከማቻ ይወጣል፣ ቀጣዩ ተማሪ ይጠቅሰዋል፣ ፕሮጀክት የሚያቅድ ድርጅት ያነበዋል። የደነባ ገበሬ ያልተናገረውን ተናገረ ይባላል። የተሻሻለ ዘር የማይዘራው ግንዛቤ ስለሌለው ነው ተብሎ ሥልጠና ይመጣለታል፤ እሱ የሚፈልገው ዘሩ ሳይረፍድ እንዲደርሰው ነበር። ከፍሎ የተመረቀውና ጽፎ የተከፈለው ሁለቱም በየፊናቸው ሲሄዱ፣ ዕዳው የቀረው ያልተጠየቀው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ ሥራው ለዩኒቨርሲቲው ብቻ መተው የለበትም፤ ወረዳውም እጁ ላይ ያለ ነገር አለ። ለመስክ ሥራ የሚወጣ ተማሪ ከክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ነው የሚመጣው። ደብዳቤው ጽሕፈት ቤት ይገባል፣ ይመራል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ ላይ አንድ መዝገብ ቢጨመር ምን ይከብዳል? የተማሪው ስም፣ የመጣበት ክፍል፣ ርዕሱ፣ የሚሄድባቸው ቀበሌዎች፣ የመጣበትና የተመለሰበት ቀን። ቀበሌ ላይ የተቀበለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይፈርማል፤ ስልኩንም በፈቃዱ ይተዋል። የወረዳው መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ተማሪ ስለ ወረዳው 150 መጠይቅ አስሞላሁ ብሎ ቢቀርብ አማካሪው የሚጠይቀውን ያውቃል።

ሁለተኛው ነገር የጥራዙ መመለስ ነው። ስለ ደነባ የተጻፈ ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለወረዳው እንዲመለስ ደብዳቤው ላይ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ። የገበሬዎች ማሰልጠኛ ማዕከል ውስጥ ባለሙያው ዋናውን ግኝት በአማርኛ ለገበሬዎቹ ያንብብ። ጠየቅኋቸው ከተባሉት ሰዎች መካከል የተወሰኑት እዚያው ይቀመጡ። የእነሱ አስተያየት በአንድ ገጽ ተጽፎ ለክፍሉ ይላክ፤ ዲግሪው ከመሰጠቱ በፊት ይድረስ። የውጭ ፈታኝ ማለት ሁልጊዜ ፕሮፌሰር መሆን የለበትም፤ ስለ ገዛ ማሳው የተጻፈውን የሚያዳምጥ ገበሬም ፈታኝ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መዝገቡን የሚይዝ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛና ስልክ አንስቶ የሚደውል አንድ አማካሪ ነው፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ፕሮፖዛል ሲጸድቅ ሊጀመር ይችላል።